የደጃፉ ሚዛን

ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ልጇን አዝላ፣ ከባሏ ከምንተስኖት ጋር ደጃፋቸው ላይ ያለው ሚዛን ላይ እየፈራች ወጣች። የቤተሰቡ ድምር ክብደት ከጨመረ የሳምንቱ ቀለብ ይቀርበታል፤ ሕጉ ነው። ሕፃኗ ደግሞ ከተወለደች ወዲህ አምስት ኪሎ መጨመሯን ትናንት ጤና ጣቢያ ነግረዋታል።

«መቶ ሃያ ኪሎ፤ ለውጥ የለም» አለ ሚዛኑ።

ትርንጎ ክው አለች። ስኳር ፋብሪካ ውስጥ የገባውን ከወጣው እያመሳከረች፣ የጎደለችውን እያንዳንዷን ኪሎ ስታሳድድ የኖረች መሐንዲስ የራሷን ቤት አላሰላችም ነበር። እሷ እንደሆነች አልከሳችም።

ዞር ብላ የባሏን ቀበቶ አየች። በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት።

«አንተ! መሥሪያ ቤት በልቻለሁ የምትለኝ...»

«አይዞሽ» አላት የልጅቷን እግር እየሳመ። «ዳዴ እስክትል እኔ እበቃታለሁ።»