የተስተካከለው ስንጥቅ

«ተስተካክሏል» ተብላችሁ እፎይ ብላችሁ አታውቁም?

ፎቶ አንሺው እፎይ ብሎ ነበር። በድሮን ከሰማይ ባነሳው ፎቶ የቆዳ ፋብሪካው የኬሚካል ኩሬ ግድብ መሰንጠቁን ሲያይ፣ ከግድቡ ሥር የምትኖረውን እህቱን ከነልጆቿ አሸሸ፤ ፎቶውንም ለሥራ አስኪያጁ ሰጠ። ቆይቶ «ስንጥቁ ተስተካክሏል» ተብሎ ሲደወልለት፣ እህቱን ራሱ ወደ ቤቷ መለሳት።

በጳጉሜን ዶፍ ሊያመሰግን ሄደ። ሥራ አስኪያጁ የአዲስ ዓመት ካላንደር ሰጠው። ሽፋኑ ያው የእሱ ፎቶ ነው፤ ስንጥቁ ብቻ የለም።

«የእኛ ልጅ በኮምፒውተር አስተካከለው። አያምርም?»

«ግድቡስ፣ ጋሼ?»

«እሱማ የበጋ ሥራ ነው።»

ዶፉ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ውጣ» አለው ፎቶ አንሺው፣ አንቱታውን ትቶ። «እህቴ ደጃፍ ቁምና፣ ምኑ እንደተስተካከለ ለመንደሩ ሁሉ በአደባባይ ተናገር።»