ድንኳን ለሠላሳ ሰከንድ

ወጣቱ ዕድር አልገባም ስላለ፣ የዕድሩ ጸሐፊ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ሊለቅ ተነሣ። ቪዲዮው የሚያሳየው ሰው ሲሞት ዕድሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርስ ነው። ድንኳን የሚያስተክል ሰፊ ደጅ ያላቸው ጋሽ ደምሰው ብቻ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በራቸውን ያንኳኳ ጎረቤት የለም። ሲጠየቁ ደስ እያላቸው ፈቅደው ቤት ገቡ።

የመጨረሻው ካስማ ሳይመታ የሰፈሩ ሰው "ወይኔ ጋሼ!" እያለ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ "እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል!" ይላል፤ አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ "አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃቸው!" እያለች ደረቷን ትደቃለች። ጸሐፊው "ኧረ ለማስታወቂያ ነው!" ብሎ ቢጮህ ማን ሰምቶት!

ቢቸግረው ሮጦ ቤት ገባ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይውጡና ይዩዎት! እኛም ድንኳኑን እንንቀል።"

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ እንደቀሰሩ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

"ምን አጣደፈህ ልጄ? እስከ ሰልስት ይቆይ።"