ፕላስቲኩ ያልተላጠው ሥዕል

ዘይቱና፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየሟ ሳሎን ውስጥ፣ ብረት ላይ የታተመውን ሥዕል ከሰቀለች ሳምንቷ ነው። የተደፋ ቀይና ጥቁር ቀለም እንጂ ሰውም ዛፍም የለበትም። እንዳይጫር ብላ እንደ ሪሞቱና እንደ ፍሪጁ ሁሉ ተለብጦበት የመጣውን ስስ ፕላስቲክ አልላጠችውም። ዛሬ ጠዋት መሃሉ ላይ የመዳፍ አሻራ አየች።

«አትንኩ አላልኩም?»

«ወላሂ አልነካሁም» አለ ባሏ ኑሕ።

«እና ግድግዳው ነው የነካው?»

እጁን ጎትታ አሻራው ላይ ለካችው። የእሱ ይተልቃል፤ የልጃቸው የሰልሳቢል ደግሞ ያንሳል። ንዴቷ ብሶ በእርጥብ ጨርቅ ፈተገችው፤ አልለቀቀም። አሻራው ከፕላስቲኩ ሥር ነበር።

«ቆይ፣ ገልጬ አየዋለሁ» ብላ የላይኛውን ጠርዝ በጥፍሯ ልትይዝ ስትል፣ የታችኛው ጠርዝ ከውስጥ በኩል ቀስ ብሎ መላጥ ጀመረ።