ያገላበጠ ይፈርም

አባዬ ከሆስፒታል ሲወጣ ግማሽ ጎኑ አይታዘዝም፤ አንደበቱም ተዘግቷል። ነርሷ «በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ ያገላበጠ ይፈርም» ብላ ወረቀት ሰጠችን። ከራስጌው ለጠፍነው። ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት የእኔ፣ ከዚያ በኋላ የወንድሜ ተራ ሆነ።

ሐሙስ ሌሊት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝና የስድስት ሰዓቱ አለፈኝ። ደንግጬ ሮጬ ስገባ አባዬ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ በጉልበቶቹ መሀል ትራስ ገብቷል። ወረቀቱም ተፈርሟል።

ሰዓት አክብሮ የማያውቀው ወንድሜ ስምንት ሊሆን ሲል መጣ።

«ተባረክ፣ ዛሬስ ከጉድ አወጣኸኝ» አልኩት።

«እኔ? ገና አሁን መግባቴ ነው!» ወረቀቱን ጠጋ ብሎ አየና ድምፁ ወረደ። «ይሄ የእማዬ ፊርማ ነው።»

እማዬን ከቀበርናት ሦስት ዓመት ሆኖናል። ወደ ታች ስናይ ገና ያልደረሰውንም ሰዓት፣ እስከ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ያለውን ሁሉ፣ ፈርማበታለች። ከዚያ በታች ያለው በማስመሪያ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ አስተማሪ ሳለች የለቀቀ ተማሪን ከስም መጥሪያው ላይ እንደምትሰርዘው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሁለታችንም በሩ ጋ እንደቆምን ትራሱ ከአባዬ ጉልበቶች መሀል ቀስ ብሎ ወጣ። የለበሰው ሸሚዝ ትከሻው ላይ፣ እጅ እንደያዘው ሁሉ፣ ተጨመደደ። ከዚያ አባዬ ወደ እኛ ዞረ።