ግድግዳው ያርማል

ውሸት በአዋጅ ከጠፋልን ወዲህ፣ ምስጋና ይድረሰውና፣ የየቤቱ ግድግዳ ሐሰት ሲሰማ ወዲያው ያርማል። የማያርመው «ተረት ተረት» ተብሎ የተጀመረውን ብቻ ነው፤ ሕፃናት እንዳይከፋቸው።

እትዬ ስንዱ ባላቸውን ቀብረው ለቅሶ ተቀምጠዋል። አንዲት ዘመድ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«እርማት፤ እንባ የለም» አለ ግድግዳው በትሕትና።

ጎረቤታቸው አቶ ከፍያለው ሊያጽናኑ ሞከሩ። «ጋሽ ድንበሩ እኮ ቸር ነበሩ!»

«እርማት፤ ቆንቋና ነበሩ።»

«ለሚስታቸው የነበራቸው ፍቅርማ...»

«እርማት፤...»

«ይብቃ!» እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ተረት ተረት።»

ለቀስተኛው ግራ እየገባው «የላም በረት» አለ።

«ባሌ በጣም ይወደኝ ነበር።»

ግድግዳው ዝም አለ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ፤ ለዚያም እርማት አልመጣም።