ለመዝሙር የሚጠፋው ቴሌቪዥን

"አይሆንም አባ! ጽዋው እኔ ቤት አይገባም… ለሸጊቱ ይስጡልኝ!"

ሰው ሁሉ ወደ ስመኝ ዞረ።

2009 ዓ.ም.፣ ደባርቅ። የማርያም ማኅበር በእነ አረጋሽ ቤት ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ጽዋው ለተረኛ ሊሰጥ ነው። ተረኛዋ ስመኝ ናት… ባሏ ከሞተ ወዲህ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ሸጣ አንድ ልጇን ያሳደገች፣ ከማኅበሯ ቀርታ የማታውቅ ሴት።

መምሬ ሀብተ ሚካኤል ጽዋውን እንደያዙ ቀሩ።

"ምነው ስመኝ? አሞሻል እንዴ ልጄ?"

"አላመመኝም አባ… ቤቴ ንጹሕ አይደለም።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ጽዋው በእልልታ ታጅቦ ወደ ሸጊቱ ቤት ሲሄድ እየሰማች አስፋልቱን ተሻገረች።

ምን ሆና መሰላችሁ?

በቴሌቪዥኗ ምክንያት ነው!

ሳቃችሁ አይደል? ቆዩ፣ አትቸኩሉ…

እሑድ ማታ የመዝሙር ፕሮግራም አለ። ስመኝ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው እሱን ነው። ታዲያ ከመስቀል ወዲህ ቴሌቪዥኑ ዐመል አወጣ። መዝሙሩ ጀመረ ሲባል… ድርግም!

ሪሞቱ እሷው ጉያ ነው። መብራት አልሄደ። ልጇ ሐብታሙ የባጃጅ ሥራውን ጨርሶ፣ እሷው አጠገብ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል።

"ሐብቴ፣ ጠፋ እኮ!"

"ሲግል ነው እማዬ፣ ይረፍ። አንቺም ግቢና ተኚ።"

ጓዳ ገብታ ጋደም ከማለቷ ቴሌቪዥኑ ይበራል… ኳስ! ጨዋታው እስኪያልቅ ውልፍት አይልም።

ለኳስ የሚሠራ፣ ለመዝሙር የሚጠፋ!

አንድ እሑድ ጎረቤቷ ሸጊቱ ልትጠይቃት ገብታ ዓይኗ እያየ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። አማተበች።

"ስመኝ… ይኸስ የደኅና አይደለም። አንቺ ላይ ያለ ነገር ነው መዝሙሩን የሚጠላው።"

ስመኝ ክው አለች። እሷና የንስሐ አባቷ ብቻ የሚያውቋት ነገር አለቻ! ባሏ የተቀበረ ዕለት "ምን አድርጌህ ነው? ከእንግዲህ አልለምንህም!" ብላ እግዜርን ተጣልታው ነበር። ንስሐ ገብታበታለች። ግን ይቅር ያላት አልመሰላትም።

"ፊቱን አዙሮብኛል" አለች ለራሷ።

የቴሌቪዥኑን ነገር ለመምሬ መንገር አፈረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከውጭው በር አታልፍም፤ ቅጥሩን ተሳልማ ትመለሳለች። ሰው ሰላም ሲላት አንገቷን ትደፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ነው ጽዋውን እስከ መመለስ የደረሰችው።

ከዚያ ቀጥሎ በመጣው እሑድ ጠበል በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ፊት ለፊቱ አስጠግታ አስቀመጠችው።

መዝሙሩ ጀመረ…

አልጠፋም!

ሁለተኛው መዝሙር ገባ… አሁንም አልጠፋም!

"እልልልል! ማረኝ ሐብቴ! ማረኝ እኮ!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሐብታሙ ስልኩን እያገላበጠ ይቁነጠነጣል። ኳሱ ሊጀምር ነዋ!

ተነሣና "ይኼ ነገር ስክሪኑን ጋረደው" ብሎ ጀሪካኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ድርግም!

ስመኝ ጮኸች። በሪሞቷ መልሳ አበራችው፣ ጀሪካኑን ወደ ቦታው አስጠጋችና እዚያው ተንበረከከች። ልጇንም "ና አብረን እንጸልይ" ልትለው ዞር ስትል…

ሐብታሙ ከአናቷም ከጀሪካኑም በላይ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ደግኗል። አውራ ጣቱ ይጫናል።

ድርግም!

"ሐብቴ… ምንድን ነው የያዝኸው?"

መዋሸት አቃተው።

ጎንደር ሄዶ የገዛው ስልክ አናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለችው። በሷ በኩል እንደ ሪሞት ይሠራል። ኢንፍራሬድ ይሉታል… ዓይን የማያየው ብርሃን። ሪሞቷን ተቀብሎ የስልኩን ካሜራ ከፈተና ወደ ጫፏ አዞረው። ሲጫናት በባዶ ዓይን ምንም የለም። ስልኩ ላይ ግን ሐምራዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

"ጀሪካኑ የጋረደው ይኼን ነበር እማዬ። ኳስ ለማየት ብዬ ነው… እንዲህ ታስቢያለሽ ብዬ መች ገመትሁ?"

ስመኝ መብራቷን አየቻት።

"እግዜር አልነበረማ ፊቱን ያዞረብኝ…"

"አልነበረም እማዬ።"

"አንተ ነህ።"

ሐብታሙ ጫማዋ ላይ ወደቀ። ከዚያ ብድግ ብሎ "አሁኑኑ ሄጄ ለመምሬም ለሸጊቱም እነግራለሁ!" አለ።

እጁን ለቀም አደረገችው።

"ተቀመጥ! 'ልጇ ሲጫወትባት ከረመ' ልባል? ሰይጣን አለባት ይበሉኝ ተዋቸው… አንተን ከሚረግሙህ እሱ ይሻለኛል።"

አይ እናት!

የሚቀጥለው ወር ማኅበር ሸጊቱ ቤት ሆነ። ስመኝ አልሄደችም። ሐብታሙ ግን ባጃጁን በሩ ላይ አቆመ። ከውስጥ የመምሬ ምርቃትና የሴቶቹ "አሜን" ይሰማል። እጁ በሩ ላይ ደረሰ…

ተመለሰ።

ያ ቴሌቪዥን ዛሬም ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እሱ ኳስ አያይበትም፣ እሷም መዝሙር አታይበትም።

ወገኖቼ፣ ለእኛ ቀልድ የሆነች ትንሽ ነገር ለሚያምነን ሰው የሰማይ ፍርድ ልትመስለው ትችላለች። ደግሞ ቤት ውስጥ ጫማ ላይ መውደቅ ብቻውን አይበቃም… የእናቲቱ ስም የጠፋው በማኅበር ፊት ነውና።

እኔ መጀመሪያ "በሩን በርግጄ እገባ ነበር!" ብዬ ፎክሬ ነበር። የእናቴ ፊት ትዝ ሲለኝ ግን እንጃ…

እናንተስ? ሐብታሙን ብትሆኑ "አትናገር" ያለቻችሁን እናት ቃል ታከብራላችሁ፣ ወይስ በሩን ከፍታችሁ ትገባላችሁ? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።