ግራህን አምጣ

ጀልባው ሊነሳ ሲል የጋምቢያ ወንዝ ዳር ሰው አምባሳደር ተሹሞ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደውን የቀድሞ የምክር ቤት አባል «አምባሳደራችን» እያለ በየተራ ቀኝ እጁን ጨበጠው። በምርጫ ከምክር ቤት ያወረዱት እነሱው ናቸው፤ አሁን ደግሞ በአገሩ ልማድ ለሩቅ መንገደኛ የሚሰጠውን፣ «ተመለስ» የሚለውን የግራ እጅ ስንብት እንኳ ነፈጉት።

ሃያ ዓመት ሙሉ በአደባባይ ሲሰድቡት የኖሩት ዓሣ ሻጯ እማማ ኒማ በመጨረሻ መጡ። ቅስቀሳ የለመደው ቀኝ እጁ ቀድሞ ተዘረጋ። ቸብ አደረጉት።

«ይሄን ለምርጫህ አስቀምጠው! ግራህን አምጣ።»

«እርስዎ እኮ አልመረጡኝም።»

«አሁንም አልመርጥህም!» በጭስ በጠቆረ ግራ እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት። «በግራ መጨበጥ ነውር ነው፤ መጥተህ በቀኝህ ታርመዋለህ። ካልመጣህ እኔ ማንን ልስደብ?»